ሚስማር የማይመታበት ፍሬም

«ቀበቶ እንኳ አላሰሩለትም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቀበቶ!» አለ ደምለው፤ ድምፁ ከፍ ማለቱን ሲያውቅ ደንግጦ ወደ በሩ ዞረ። የሳሊህ አናጢ ቤት ከሞጣ መናኸሪያ ጀርባ ስለሆነ በደጁ የማያልፍ ሰው የለም፤ የቢቸና ሰውም አይጠፋም። ደምለው የፈራው የቢቸናን ሰው ነው። በማለዳው መኪና ከቢቸና የመጣው የእህቱን ልጅ የይታያልን ፎቶ በፖስታ ይዞ ነበር። ይታያል ባሕር ዳር ሕንጻ ላይ ሲሠራ ወድቆ ሞቷል። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ስለነበር አስከሬኑን ወዳገሩ የሚያመጣ አልተገኘም፤ የሥራ ጓደኞቹ አዋጥተው እዚያው ቀበሩት። ያሠራው ሰውዬ ለቀብሩ አንድ እሽግ የላስቲክ ውሃ ልኳል፤ ሌላ ነገር ስለ መላኩ የሰማ የለም። ወሬውን ይዞ ትናንት ማታ ቢቸና የደረሰው ከጓደኞቹ አንዱ ነው። አባትና እናት ገና አልሰሙም። መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ነው፤ የንስሐ አባታቸው፣ ሽማግሌው፣ ዘመድና ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሄዶ በራቸውን ያንኳኳል።

«አስከሬን የለ፣ ሄደው የሚያለቅሱበት መቃብር የለ» አለ ደምለው ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ። «ነገ ድንኳን ውስጥ ሰው ምን አይቶ ያልቅስ? እንግዲህ አስከሬኑ ይኸው ፎቶ ነው። የፕላስቲክ ፍሬም ሱቁ ሁሉ ሞልቷል፤ ከአንድ ኪሎ ስኳር አይበልጥም ዋጋው። ግን ጋሽ ሳሊህ፣ እርስዎ ይፍረዱ፤ የባየ ልጅ በፕላስቲክ ይለቀስለት?»

ሳሊህ ፖስታውን ተቀበለ። ቢቸና ላይ ወይራን የሚያህል ጠንካራ እንጨት በአርባ አምስት ዲግሪ ቆርጦ፣ ማዕዘኑን ፀጉር እንዳያስገባ አድርጎ የሚገጥም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የልጁ አባት ባየ ነው። ለአባት የልጁን የለቅሶ ፍሬም ሥራልኝ ተብሎ አይታዘዝም። ስለዚህ ደምለው ሞጣ ድረስ መጣ። ባየና ሳሊህ አንድ ቤት ያደጉ አናጢዎች ናቸው፤ አንዱ ክርስቲያን አንዱ እስላም፣ አንዱ የቢቸና አንዱ የሞጣ፣ የአስተማሪያቸውን የአለቃ አካለ ወልድን ሰጋቱራ አብረው ጠርገው፣ በአንድ መላጊያ ተጣልተው፣ በአንድ ቁንጣሪ ጨው ታርቀው ሙያ የለመዱ ናቸው። ይታያል ሲወለድ መኝታውን የሠራው ሳሊህ ነው። ደምለው ይኼን ሁሉ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ነው የመጣ። ከቀትር በኋላ መጥቼ እወስዳለሁ ብሎ፣ ሞጣ ዳር ላሉት ዘመዶች ሊናገር ወጣ። ኔትወርክ ከጠፋ ስለሰነበተ ወሬ እንደ ድሮው በእግር ነው የሚሄድ።

ሳሊህ ፖስታውን ከፍቶ ፎቶውን አየ። ልጁ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ፈገግ ሊል ፈልጎ አፍሮ የተወው ይመስላል። ልኩን ለካና መልሶ ፖስታው ውስጥ ከተተው። ከዚያ ለክፉ ቀን ብሎ ጣራው ሥር አጋድሞ ለዓመታት ያደረቀውን ወይራ አወረደ፤ ትርፍ የለውም፣ አንዲት ሳንቃ ናት። ሌላ እንጨት ጥፋትን ይሸፍናል፤ ዋንዛ ስትሳሳት በኮላና በሰጋቱራ ደፍነህ ብትቀባው ማን ያይብሃል። ወይራ ግን ይቅር አይልም። መጋዙ ለአንድ ትንፋሽ ካዘነበለ ማዕዘኑ ላይ ብርሃን ያሳልፋል፤ የአንዱ ማዕዘን ስሕተት ደግሞ ወደ ሌላው እየዞረ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ አፉን ከፍቶ ይጠብቅሃል። አለቃ አካለ ወልድ ለዚህ ብለው ከራሱ ከወይራ የተሠራ የመቁረጫ ሳጥን ነበራቸው፤ ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ መጋዝ የሚገባበት ቦይ ያለው፣ እንጨቱን አስቀምጠህ አርባ አምስቱን ሳትስት የምትቆርጥበት። ሲሞቱ ዕጣው ለሳሊህ ወጣ። ባየ እስከዛሬ በዚያ ነገር ሆዱ አልሻረም፤ በቀልድ እያስመሰለ ያነሣዋል እንጂ።

ሌላም ከአለቃ የወረሱት ሕግ አለ፤ ከቤታቸው ውጭ ማንም አያውቀውም። ለሠርግ ለምርቃት የሚሆን ፍሬም ማዕዘኑ ላይ ሚስማር ይመታል። ለሙት ግን አይመታም። «መዶሻ ከለቅሶ ቤት ይሰማል፤ እናት ደረቷ ላይ የተመታ ነው የሚመስላት» ይሉ ነበር አለቃ። ስለዚህ በሁለቱ የተቆረጡ ፊቶች ላይ ስስ ቦይ ይከፈትና፣ ከጥቁር እንጨት የተላገ ቀጭን ስንጣሪ ኮላ ተቀብቶ በመሐል ይገባል፤ ፍሬሙ ድምፅ ሳያሰማ ይያያዛል። ሳሊህ ስንጣሪዎቹን አዘጋጅቶ ከጠረጴዛው ጫፍ አኖራቸው። እንባው ስንጣሪው ላይ እንዳይወርድ በክንዱ ጠረገው፤ እርጥብ እንጨት ኮላ አይዝም።

«ቤቶች! አናጢ የለም እንዴ እዚህ አገር?»

ያን ድምፅ ሳሊህ ከሺህ ሰው መሐል ይለየዋል። ፖስታውን ሸሚዙ ውስጥ፣ ከደረቱ ጋር ለጥፎ አዝራሩን ቆለፈ። ባየ በሩ ላይ ቆሟል፤ የዓመት በዓል ኮቱን ለብሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ። ደስ ብሎታል። ባየን ደስ ብሎት ማየት ብርቅ ነው፤ ሳሊህ ለሰላምታ ሲያቅፈው ፖስታው በሁለቱ ደረት መሐል ተጣጠፈ።

«ምነው ከሳህብኝ? ጀዋሂር አታበላህም?» አለ ባየ እየሳቀ፣ የተላገ ሳንቃ ላይ ቁጭ ብሎ። «አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁ፤ እምቢ ካልከኝ እንጣላለን። የአለቃን ሳጥን ስጠኝ። ለልጁ ልወስድለት ነው።»

«ለየትኛው ልጅ?» አለ ሳሊህ፤ አፉ ያለ ፈቃዱ ነው የተናገረ።

«ስንት ልጅ አለኝ?» ባየ የላስቲኩን ጥቅል ፈታ አድርጎ አሳየው፤ አዲስ ጫማ ነው። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደዚህ ያለ ነገር መናገር እንደማይችል ሰው እየተንተባተበ ተናገረ። አምና ይታያል የሠራውን ፍሬም፣ ማዕዘኑ ብርሃን ያሳልፋል፣ ክፍተቱንም በሰጋቱራ ደፍነሃል ብሎ ያሠራው ደንበኛ ፊት በጉልበቱ ሰብሮታል። እጅህ ለማዕዘን አልተፈጠረም ብሎታል። ልጁ አንዲት ቃል አልመለሰም፤ በሳምንቱ ባሕር ዳር ሄዶ ለኮንክሪት መሙያ ሳንቃ የሚቸነክር አናጢ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሲደውል ለእናቱ ለፋንታነሽ ነው የሚደውል፤ ባየ ከጎኗ ቁጭ ብሎ የልጁን ድምፅ በስልኩ ቀዳዳ ይሰማል፤ እንካ አናግረው ስትለው ግን እጁን አይዘረጋም። ኔትወርኩ ሲጠፋ ያቺም ቀረች። «ድምፁ ሲጠፋ ነው የገባኝ» አለ ባየ። «አሁን በቃኝ። ፋንታነሽ እንጨት ልገዛ የመጣሁ ነው የሚመስላት፤ ልጁን ይዤላት ስገባ ትየው ብዬ አልነገርኳትም። አባት ልጁን ይቅርታ ሊለምን ሲሄድ ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። ሳጥኑን ሰጥቼው፣ እጅህ ለማዕዘን ነው የተፈጠረ፣ ያጠፋሁ እኔ ነኝ እለዋለሁ። ዛሬውኑ ባሕር ዳር እገባለሁ።»

ከመናኸሪያው በኩል የሚኒባስ ረዳት «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ሳሊህ መንገዱ ተዘግቷል አሉ ብሎ ሞከረ፤ ባየ በእጁ ወደ ጩኸቱ አመልክቶ ሳቀበት። ውሸት ለለመደው ነው የሚያምር። ሳሊህ ቆሞ አሰበ፤ ማሰብ ካሉት። ሰውየውን ከለቀቀው ማታ ባሕር ዳር ይደርሳል፤ ሕንጻውን ጠይቆ ያገኛል፤ ጫማና ሳጥን ታቅፎ ዘበኛውን ይታያል የሚባል ልጅ አለ ወይ ይለዋል፤ ዘበኛው ደግሞ በመፋቂያ ጥርሱን እየፋቀ «የወደቀው?» ይለዋል። ባየ ብቻውን ነው፤ አገሩ አይደለም፤ የሚይዘው ክንድ የለም። እንዳይለቀው ይንገረው? መርዶ በወዳጅ አፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰጋቱራ መሐል ለብቻው ለቆመ ሰው አይነገርም። እንደዚያ የነገረ ሰው ዕድሜ ልኩን ይኼ ነው የነገረኝ እየተባለ ይኖራል። ነግሮት ቢሮጥስ? የወንዙ ገደል ሩቅ አይደለም። ሳሊህ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ሰው ሆኖ መፈጠርን ጠልቶ አያውቅም።

«ሳጥኑን እሰጥሃለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን እየቆረጥኩበት ነው። ይቺን ፍሬም ላድርስና ትወስደዋለህ። አንድ ነጋዴ አጣድፎኝ ነው፤ የሠርግ ፎቶ።»

«ታዲያ ቶሎ በላ!» አለ ባየ።

ሳሊህ ቶሎ ሊል አልፈለገም። ደምለው እስኪመለስ ወይም የባሕር ዳር መኪና እስኪያልቅ ሰውየውን የሚያቆይለት ያ ሳጥን ብቻ ነው። ጓዳ ገብቶ ለሚስቱ ለጀዋሂር በጆሮዋ ነገራት፤ አፏን በሻርፕዋ ይዛ፣ ደምለውን ልትፈልግ በጓሮ በር ወጣች። እሱም ተመልሶ ሥራውን ማበላሸት ጀመረ። ሠላሳ ዓመት እንዳያዘነብል የተማረ እጅ አዘንብል ሲሉት እምቢ ይላል፤ መጋዙ በልማድ ቀጥ ብሎ ሊወርድ ይታገለዋል። እጀታውን በግድ ወደ ደረቱ ሳብ አደረገው። ሁለቱን ቁራጭ አገጣጥሞ ወደ በሩ ብርሃን ሲያነሣው፣ በማዕዘኑ ውስጠኛ ጫፍ ቀጭን ብርሃን ታየ። «አልገጠመም» አለ። ደግሞ ቆረጠ፤ ደግሞ አልገጠመም። በቆረጠ ቁጥር ወይራው ያጥራል፤ ያ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነው። ሳንቃዋ አንዲት ናት፤ ከፎቶው ልክ በታች ከወረደች ነገ ድንኳን ውስጥ የሚቆም ነገር አይኖርም። ጓደኛውን ለማዳን የጓደኛውን ልጅ አስከሬን እየሸራረፈ ያለ መሰለው። መሰለው ብቻም አይደል፤ እንደሱ ነው።

ባየ ትዕግሥት የለውም፤ ለማዕዘን ጊዜ ደግሞ ጭራሽ። መጀመሪያ ተነጫነጨ፤ ቀጥሎ «አለቃ ቢያዩህ በመላጊያው ጀርባህን ነበር የሚሉህ» አለ፤ በመጨረሻ ኮቱን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለና «ወዲህ በለው፣ በዚህ አያያዝህ ነገም አንጨርስም» ብሎ መጋዙን ቀማው። ሳሊህ እጁን ዘርግቶ ሊከለክል ነበር። ሁሉንም ነገር አስቦ ይኼን አላሰበም፤ አባት የልጁን የለቅሶ ፍሬም በገዛ እጁ ሊቆርጥ ሆነ። «ተው፣ እኔው…» አለ፤ ባየ ግን ተቃራኒ ጎኖቹን ጀርባ ለጀርባ አጋድሞ፣ እኩል መሆናቸውን በጥፍሩ ጫፍ እየዳሰሰ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም በእርሳስ ምልክት እያደረገ ገብቶበታል። ሲሠራ ፊቱ ወጣት ይሆናል። ከምልክቱ ጥቂት ተርፎ ይቆርጥና፣ የተረፈውን በመላጊያ ወረቀት ወረቀት የሚያህል እየላገ ወደ ልኩ ያመጣዋል። «ሠርጉ የማን ነው አልከኝ? ይታያልንም መዳር አለብኝ እኮ» አለ ቀና ሳይል። ሳሊህ ውኃ ልጠጣ ብሎ ጓዳ ገባ፤ ግድግዳውን በግንባሩ ደግፎ ቆየ። ሲመለስ ሦስቱ ማዕዘን ተገጣጥሟል፤ ምራቅ አያሳልፍም።

ጀዋሂር ተመለሰች። ባየ ጀርባውን ሲሰጥ ራሷን ወዝውዛ ለባሏ አሳየችው፤ ደምለው ከዘመዶቹ ጋር ገጠር ወጥቷል። ከዚያ እንደ ደኅና ሰው ሽሮ አቀረበች። ዓርብ ስለሆነ ለባየ ጾም ነው፤ ያለ ሥጋ ያለ ቅቤ ሠርታው ሁለቱም ከአንድ ገበታ ይቆርሳሉ፤ ዓርብ ለሁለታችንም ትመቻለች የምትለው ቀልድ ነበራት፤ ዛሬ አልቀለደችም። «ይታጠቡ አያ ባየ» ብላ ደጅ ላይ ውኃ ስታስታጥበው፣ ሳሊህ እንጨት ከሚያለሰልስበት ብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ ቀደደ፤ አጣጥፎ ሳጥኑ ወለል ላይ ጥግ ውስጥ ሸጎጠና ሰጋቱራ አለበሰው። እንጨቱ እላዩ ላይ ሲቀመጥ ለዓይን የማይታይ ያህል ያዘነብላል፤ የዓለም ምርጥ አናጢ ቢቆርጠውም አይገጥምም። ገና ሲበሉ የጁምዓ አዛን ተሰማ። ባየ ጉርሻውን እንደያዘ ጓደኛውን አየው።

«አትሄድም?»

«እግሬን አሞኛል። ቤቴ እሰግዳለሁ።»

ባየ ጎረሰ።

ከምሳ በኋላ የመጨረሻውን ማዕዘን ቆረጠ። ወደ ብርሃን አነሣው፤ ብርሃን አሳለፈ። ዓይኑን ጠረገና እንደገና አየ። አሁንም ያሳልፋል። ከመጋዙ ነው ብሎ ጥርሱን መረመረ፤ በመላጊያ ሊያስተካክለው ሞከረ፤ ባሰበት። ደግሞ ቆረጠ፤ ያው ነው። ከመናኸሪያው «ባሕር ዳር! የመጨረሻ!» የሚለው ጩኸት መጣ፤ ባየ ወደዚያ አልዞረም። እጆቹን ወደ ፊቱ አንሥቶ፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ እያገላበጠ አያቸው።

«ሄዷል» አለ ቀስ ብሎ። «እጄ ሄዷል ሳሊህ። ልጄን ይቺን በምታክል ብርሃን ሰብሬዋለሁ። ይኸው የኔም አሳለፈ። ምን ብዬ ነው ፊቱ የምቆም?» ሳሊህ ጓደኛውን ከአንድ ሐዘን አድናለሁ ብሎ፣ ዕድሜውን የኖረባትን አንዲት ነገር፣ እጁን ቀማው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ወረቀቱን ላውጣ ወይስ ፖስታውን እያለ አመነታ። ጀዋሂር ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር።

የረዳቱ ጩኸት ቆመ። መኪናው ጡሩምባውን ነፍቶ ሄደ። ባየ ሳጥኑን ለመጨረሻ ጊዜ ሊመረምር ብድግ አድርጎ ገለበጠው፤ ሰጋቱራው ፈሰሰ፤ የታጠፈችው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ባየ አነሣት። ዘረጋት። መልሶ አጣጠፋት። አለቃ ይቺን ዘዴ ያስተማሯቸው የጠመመ ሳጥን ለማቃናት ነበር፤ ከዚህ ቤት ሰው በቀር የሚያውቃት የለም። ሳሊህን አየው፤ ሳሊህ ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ባየ ቤቱን ማየት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ አናጢ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እያስተካከለ። የሚስማሩን ጣሳ አየ፤ ክዳኑ ከጠዋት ጀምሮ አልተከፈተም። የጠረጴዛውን ጫፍ አየ፤ ስንጣሪዎቹ ተደርድረዋል፤ ጠዋት አይቷቸው እንደማንኛውም ስንጣሪ አልፏቸው ነበር። አንዷን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ዳበሳት።

«ጁምዓ ቀርተህ አታውቅም» አለ።

ሳሊህ የፈሰሰውን ሰጋቱራ ከጠረጴዛው ላይ በእጁ ጠረገ።

«ለሠርግ ሚስማር ነበር የምንመታ።»

ባየ ወደ ጓደኛው ደረት ተመለከተ፤ የሸሚዙ አዝራር መሐል የፖስታው ጫፍ ወጥቷል፤ ላብ አርሶታል። እጁን ወደዚያ ዘረጋ። ሳሊህ አልተከላከለም፤ ቢወስደው ይውሰደው ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። የሚጠብቀው ግን አልመጣም። ዓይኑን ሲገልጥ የባየ እጅ መሐል ላይ ቆሞ ነበር፤ ቆየ፤ ከዚያ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ፊቱ ላይ ደም የሚባል የለም። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልይም የሚቆጥርም ይመስል ነበር። ጀዋሂር መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ልኩን ንገረኝ» አለ ባየ በመጨረሻ። «ልኩን ብቻ።»

ሳሊህ ነገረው። ባየ በቀረው ወይራ ላይ ለካ፤ አንዴ ለመቁረጥ ይበቃል፤ ለሁለተኛ አይበቃም። ሳጥኑን በእጁ መዳፍ ጠራርጎ፣ እንጨቱን አስቀምጦ፣ መጋዙን ያዘ። ሳሊህ እኔ ልቁረጠው ሊለው ፈልጎ አልቻለም፤ ማንም በዚያች ሰዓት ያንን መጋዝ ከዚያ ሰው እጅ የሚወስድ የለም። መጋዙ ወረደ፤ አልፈጠነም፣ አልዘገየም። ማዕዘኑን ገጥሞ ወደ በሩ ሲያነሣው ጥቁር ነው፤ ከየትም በኩል ብርሃን የለም። ቦዩን ከፈተ፤ ስንጣሪውን ኮላ ቀባ፤ አራቱንም አያያዘ፤ ድምፅ አልተሰማም። ሳሊህ ኮላው እስኪይዝ የሚያጠብቁበትን ሞርሳ አምጥቶ ሰጠው።

«ተወው፤ እኔ እይዘዋለሁ» አለ ባየ።

ፍሬሙን ደረቱ ላይ አድርጎ በሁለት ክንዱ አቀፈው፤ ማዕዘኖቹን በመዳፉና በክርኑ ወደ ውስጥ እየጫነ፣ የተላገው ሳንቃ ላይ ቁጭ አለ። ባዶ ፍሬም ነው፤ በመሐሉ ሸሚዙ ይታያል። ሳሊህ ከጎኑ ተቀመጠ፤ ትከሻቸው ተነካክቶ፣ ልጅ ሆነው አለቃ ሲቆጧቸው እንደሚቀመጡት። አዲሱ ጫማ ሰጋቱራው ላይ ወድቆ ነበር፤ ጀዋሂር አንሥታ በሻርፕዋ ጠረገችና በላስቲኩ መልሳ ጠቀለለችው። ፀሐይዋ ከበሩ ደፍ ወደ ኋላ ስትሸሽ ደምለው ከውጭ እየተጣደፈ መጣ። «ጋሽ ሳሊህ፣ ደረሰልዎ? የቢቸና መኪና ሊሄድ ነው…» እያለ ገባና ባየን አየ። ፍሬሙን አየ። እግሩ በሩ ላይ ቀረ፤ ባርኔጣውን አውልቆ መያዣ አጣለት። ጩኸት ሊያወጣ ደረቱ ሲነሣ ባየ ቀድሞት ተናገረ፤ ድምፁ የተረጋጋ፣ የሥራ ድምፅ ነበር።

«ዝም በል ደምለው። ግባና በሩን ዝጋው። ኮላው ገና አልደረቀም፤ ብንቀሳቀስ ይላቀቃል።» ፍሬሙን ይበልጥ ወደ ደረቱ ጫነው። «ፋንታነሽ ዛሬን በሰላም ትደር። እኔም ከጎኗ እተኛለሁ። ነገ ስታንኳኩ፣ በሩን የምከፍትላችሁ እኔ ነኝ።»